ሰብሳቢ ልሆን ወጥቼ

እኔ የሒሳብ ሰው ነኝ። ውሎዬ ከደረሰኝ ጋር ነው። ባለፈው ክረምት ግን ምን እንደነካኝ እንጃ፣ የማኅበራችን ሰብሳቢ ካልሆንኩ ብዬ ተነሳሁ። ማኅበሩ ጅማ ያለን የሒሳብ ባለሙያዎች በፈቃደኝነት ያቋቋምነው ነው፤ ለትንንሽ ነጋዴዎች የመዝገብ አያያዝ በነጻ እናስተምራለን። ደሞዝ የለው፣ አበል የለው። ያለው ማኅተም ብቻ ነው። ማኅተሙ ግን ያምራል።

ቅስቀሳዬን በቡና ጀመርኩ። ጅማ ላይ ሌላ በምን ይጀመራል? ፈረንጅ አራዳ ሁለት ቤት፣ አጂፕ ሦስት፣ መርካቶ አካባቢ ሁለት። ችግሩ ሰው ቤት ገብቶ አቦል ብቻ ጠጥቶ መውጣት የለም፤ ቶናው ይከተላል፣ ልነሳ ስትል ደግሞ «በረካውን ረግጠህ የት ልትሄድ ነው?» ይሉሃል፣ እሱን ስትጨርስ ቆሎው ይመጣል፣ ስለ ምርጫው ያነሳኸው ነገር የለም። በአንድ ቅዳሜ ሰባት ቤት፣ 21 ሲኒ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዓይኔ ፈጦ ኮርኒሱን ሳይ ባለቤቴ «ሰውዬ፣ ለፓርላማ ነው እንዴ የምትወዳደረው?» አለችኝ።

ቃል የገባልኝን ሁሉ ኤክሴል ላይ መዘገብኩ። ከ31 አባላት፣ ራሴን ጨምሮ 19። ከላይ «ተሰብሳቢ ሒሳብ» ብዬ ጻፍኩበት፣ ገና ከሰው የሚሰበሰብ ዕዳ እንደማለት። ሲያምር!

የምርጫው ቀን እሑድ ነበር። ሰማዩ ከጠዋቱ ጠቁሯል። ለእያንዳንዱ ዕጩ ሦስት ደቂቃ ተሰጠ። እኔ ንግግሬን ከአባ ጅፋር ጀመርኩ። ሌሊቱን ሳስበው ጥሩ መስሎኝ ነበር። ዳግማዊ አባ ጅፋር ለምኒልክ በየዓመቱ ግብር እየከፈሉ የጅማን ራስ ገዝነት አቆይተዋልና፣ ግብርን በወቅቱ የመክፈልን ጥቅም ከሳቸው በላይ ማን ያውቃል? ልል ነው እንግዲህ። ብዬውም ነበር። ብቻ ከጅሬን ቤተ መንግሥት ወደ ማኅበራችን ዕቅድ ልወርድ ስል አስመራጩ ጠረጴዛውን መታ። ደቂቃዬ አልቋል።

ቀጥሎ አንድ አንጋፋ ጋሼ ተነሱ። ማንም ቤት ሄደው ቡና አልጠጡም። ወረቀትም አልያዙም። ወደ መስኮቱ አዩና «ወገኖቼ፣ ዝናቡ እየመጣ ነው፣ ቶሎ እንጨርስ» ብለው ተቀመጡ። ጭብጨባው ቤቱን አናወጠው።

እጅ ይውጣ ተባለ። ለኔ ሦስት እጅ ወጣ። አንዱ የራሴ። አንዱ የጠቆመኝ ጓደኛዬ፣ እሱም እስከ ትከሻው ብቻ። ሦስተኛውን ሰው አስመራጩ ሊመዘግብ ሲል «እኔ እንኳን መስኮቱ ይዘጋልኝ ለማለት ነው፣ እየረጠብኩ ነው» አለ። ሁለት ሆነ። 17 የማይሰበሰብ ዕዳ! ሒሳብ ስሠራ በኖርኩበት ዘመን እንዲህ ያለ ጉድለት አይቼ አላውቅም። ሰብሳቢ ልሆን ወጥቼ ተሰብሳቢ ሆኜ ቁጭ አልኩ።

መቼም በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ባለቤቴ ስትደውል ላናግራት በረንዳ ወጣሁ፤ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ እያንኳኳ ስላላሰማኝ ትንሽ ቆየሁ። ስብሰባ ላይ ተመርጦ የሚቀረው የወጣ ሰው እንደሆነ እንዴት እንደረሳሁት አላውቅም። ስመለስ ሁሉም ወደኔ ዞሮ ያጨበጭባል። «እንኳን ደስ አለህ፣ ገንዘብ ያዥ ሆነሃል! በሙሉ ድምፅ!» እዩልኝ፣ ያ ሁሉ የጠፋ እጅ አሁን ወጣ። 31 የሒሳብ ባለሙያ ባለበት ቤት ገንዘብ ልያዝ የሚል አይገኝማ፣ ሁሉም ነገሩን ያውቀዋል።

«ኧረ እኔ...» ብል ማን ይስማኝ። ጋሼ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «አይዞህ ልጄ፣ ሁለት ዓመት ምን አላት» አሉኝ። የቀድሞው ገንዘብ ያዥ ፊቱ በርቶ፣ አሥር ዓመት ወጣት ሆኖ፣ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አስረከበኝና ዝናቡን ሳይፈራ ወጥቶ ሄደ።

ቤት ስደርስ ከፈትኩት። ብር የለም። ከላይ አንዲት የተጣጠፈች ወረቀት አለች፣ በእርሳስ የተጻፈች፦ «ማኅበሩ ያልከፈለው፣ የአራት ስብሰባ ቡና።»