«የቅርብ ጓደኛችሁን ስም ጻፉ»

በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ 3ኛ ክፍል ውስጥ፣ በግብረ ገብ ክፍለ ጊዜ የሆነ ነው። የዕለቱ ርዕስ «ጥሩ ጓደኛ» ነበር። ክፍሉ 54 ልጆች አሉበት፤ በአንድ ዴስክ ሦስት ሦስት ሆነው ይቀመጣሉ። መምህርቷ የጥሩ ጓደኛን ባሕርያት በሰሌዳ ጻፉ፣ ልጆቹ ገለበጡ፣ ሲጠየቁም በአንድ ድምፅ መለሱ፦ ያካፍላል፣ አይዋሽም፣ አይሳደብም። ሰዓት ተረፈ። «በሉ ቁራጭ ወረቀት አውጡና የቅርብ ጓደኛችሁን ስም ጻፉ» አሉ። ወረቀቱ ተሰበሰበ። ክፍሉን ለማነቃቃት ብለው አንድ በአንድ ጮክ እያሉ ያነቡና ከየስሙ ጎን በጠመኔ ጭረት ያሰምሩ ጀመር።

አንዲት ልጅ 11 ጭረት አገኘች። ስድስት ልጆች ምንም አላገኙም። ከስድስቱ አንዷ፣ በዓመቱ አጋማሽ ተዛውራ የመጣች ልጅ፣ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ የኔ ስም አልተጠራም» አለች። ወረቀት የጠፋ መስሏታል። መምህርቷ ወረቀቶቹን ማገላበጥ ሲጀምሩ ከኋላ ዴስክ አንዱ ቀደማቸው፦ «ማንም አልጻፈሽማ!»

በማግስቱ ልጅቷ ሆዴን ቆረጠኝ ብላ ቀረች፤ በሚቀጥለው ቀንም እንዲሁ። እናትየው ጤና ጣቢያ ወስደዋት ምንም አልተገኘባትም። ያልተጠበቀው ግን የባለ 11 ጭረቷ ነገር ነው። በዕረፍት ሰዓት ጓደኝነትን እንደ ራሽን ማደል ያዘች፤ «ዛሬ አብራኝ የምትሄደው እሷ ናት፣ አንቺ ነገ»። ማስቲካ የሚያመጡላት ሁሉ ነበሩ። ትምህርቱ ያልተመረጡትን ብቻ አልጎዳም፤ የተመረጠችውንም አበላሽቷል።

ልጆችን «ማንን ትመርጣላችሁ?» ብሎ መጠየቅ በራሱ ጥፋት አይደለም። ጃኮብ ሞሬኖ የተባለው የሥነ አእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በአሜሪካ የተማሪዎችን ምርጫ እየሰበሰበ ማን ከማን ጋር እንደሚቀራረብ በሥዕል ያሳይ ነበር፤ ዘዴው ዛሬም ይሠራል። ነገር ግን መልሱን ከመምህሩ በቀር ማንም አያይም፤ የሚሰበሰበውም አንድ ነገር ለመለወጥ ነው። በዚያ ክፍል ሁለቱም አልነበሩም።

በትክክል ሲሠራ እንዲህ ነው። አንድ ሉክ ለስምንት ይቀደዳል፤ ለ54 ልጅ ሰባት ሉክ ይበቃል። ልጁ ከላይ የራሱን ስም፣ ከታች ሦስት ስም ይጽፋል። ጥያቄው «ማንን ትወዳለህ?» ሳይሆን «በዴስክ ከማን ጋር መቀመጥ ትፈልጋለህ?» ነው፤ ምክንያቱም ሁለተኛውን መምህሩ ሊፈጽመው ይችላል። አንድ ስም ብቻ ከተጠየቀ ምርጫው ሁሉ በጥቂት ልጆች ላይ ይከመራል፤ ዝምተኞቹ የሚወጡት በሁለተኛና በሦስተኛ መስመር ነው። «ከማን ጋር መቀመጥ አትፈልግም?» ብሎ ወረቀት ላይ ማጻፍ ግን በፍጹም አይገባም፤ ልጆቹ ዕረፍት ሲወጡ ሊያወሩት ይችላሉ። በ1ኛና በ2ኛ ክፍል መጻፍ የሚቸግራቸው ስላሉ፣ አንድ በአንድ ወደ ጠረጴዛ ጠርቶ በጆሮ መጠየቅ ይሻላል።

ስሞቹ በሠንጠረዥ ሲገቡ እርስ በርስ የተመራረጡት ጥንዶችና ማንም ያልጻፋቸው ልጆች ይታያሉ። ያልተመረጠውን ልጅ ከክፍሉ ተወዳጅ አጠገብ ማስቀመጥ ብዙ መምህራን የሚወድቁበት ወጥመድ ነው፤ ተወዳጇ ፊቷን ወደ ሌሎቹ ታዞራለች። እሱ ራሱ ከጻፋቸው ሦስት ስሞች መካከል ረጋ ያለውን መምረጥ ይበልጣል። በሦስት ሰው ዴስክ ላይ ደግሞ ቦታው ራሱ ለውጥ ያመጣል፦ ልጁ ጥግ ከተቀመጠ ሁለቱ በራሳቸው ጨዋታ ይያዛሉ፤ መሐል ከሆነ ግን ላጲስም ሆነ ወሬ በሱ በኩል ነው የሚያልፈው።

መቀመጫ ብቻውን ግን አያወዳጅም፤ አብሮ የሚሠራ ነገር ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1971 በአሜሪካ፣ በቴክሳስ ግዛት ኦስቲን ከተማ፣ የጥቁርና የነጭ ልጆች በአንድ ክፍል መማር ሲጀምሩ ጠብ በዝቶ ነበር። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኤሊየት አሮንሰንና ባልደረቦቹ ያኔ ያመጡት ዘዴ ለእኛ ዴስክም ይሆናል። ስለ ዕፅዋት ክፍሎች የሚያወራ ምንባብ ለሦስት ይቆረጣል፦ ሥር፣ ግንድ፣ ቅጠል። እያንዳንዱ የራሱን ቁራጭ ብቻ ያነባል፤ ከዚያ ለሁለቱ ያስረዳል፤ ፈተናው ከሦስቱም ይወጣል። ሥሩን የያዘችው ልጅ ካልተናገረች ሁለቱ ነጥብ ያጣሉ፤ ስለዚህ ማዳመጥ ግድ ይሆናል። የሚበላሸው ጎበዙ ልጅ የሌላውን ወረቀት ነጥቆ ሲያነብላቸው ነው፤ «ወረቀት የሚይዘው ባለቤቱ ብቻ» የሚል ሕግ ያስፈልጋል። ማንበብ የሚከብደው ልጅ አጭሩን ቁራጭ ያገኛል፤ ከማስረዳቱ በፊትም ተመሳሳይ ቁራጭ ከያዙ የሌላ ዴስክ ልጆች ጋር አምስት ደቂቃ ይለማመዳል። ይህ ልምምድ ከተዘለለ ልጁ በጓደኞቹ ፊት ተንተባትቦ ይቀርና ነገሩ ከበፊቱ ይብሳል።

ቀሪው ሥራ ግቢ ውስጥ ነው። ብቸኛ ልጅ ጨዋታ አጠገብ ቆሞ የሚያውቀው አንድ ቃል «አጫውቱኝ» ነው፤ መልሱም ብዙ ጊዜ «ሞልተናል»። ጥያቄው ራሱ እምቢታን ይጋብዛል። በቀላሉ የሚቀላቀሉ ልጆች መጀመሪያ ቆመው ያያሉ፣ ተራው እንዴት እንደሚሄድ ይገባቸዋል፣ ከዚያ ጨዋታውን ሳያቋርጡ የሚጠቅም ነገር ይሠራሉ። ሱዚ ከሆነ «ልቁምላችሁ» ይባላል፤ ላስቲኩን ይዞ መቆም ሁሉም የሚሸሸው ተራ ነውና እምቢ የሚል የለም። ገመድ ከሆነ «ላዙርላችሁ»፣ ኳስ ከሆነ የወጣውን ኳስ ሮጦ ማምጣት። ይህ በቃል ብቻ አይያዝም፤ ክፍል ውስጥ አራት ልጆች ቆመው ያሳዩታል፣ ሌሎቹ ያያሉ፣ ተራ ይለዋወጣሉ። ተቀባዮቹም የሚሉት ይሰጣቸዋል፦ «ይቺ ዙር ስታልቅ ትገቢያለሽ»። በአንድ ክፍለ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ማለማመድ ይበቃል። «ተቃቀፉና ይቅርታ ተባባሉ» የሚለው የተለመደ ትእዛዝ ግን ቢቀር ይሻላል፤ ልጆቹ በመምህሩ ፊት ይተቃቀፉና በሩ ጋ ሲደርሱ ይቀጥላሉ። ንዴቱ እስኪበርድ ጠብቆ «ምን ቢደረግልህ ይስተካከላል?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል፤ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ነው፦ እርሳሴን ይመልስልኝ፣ ስሜን እንዳያጣምም።

በዚያው 3ኛ ክፍል ከወር በኋላ ወረቀቱ እንደገና፣ በዚህ ጊዜ ግን በምስጢር፣ ሲሰበሰብ ተዛውራ የመጣችው ልጅ በሁለት ወረቀት ላይ ወጣች፤ አንደኛው በሦስተኛ መስመር። እንደ መሻሻል ይህ ብዙ ነው፤ አንድ ጓደኛ ለአንድ ልጅ ይበቃዋል። አንድ ወንድ ልጅ ግን አሁንም ባዶ ነበር። እሱ የተረሳ ሳይሆን የሚሸሹት ልጅ ነው፦ ሲሸነፍ ይማታል፣ ብይ ይዞ ይሮጣል። የሱና የልጅቷ ጉዳይ ሠንጠረዡ ላይ አንድ ቢመስልም መፍትሔው ይለያያል። ለተረሳ ልጅ መግቢያ በር ይበቃዋል። ለሚሸሹት ልጅ ግን ከሁሉ በፊት መሸነፍን ማለማመድ ያስፈልጋል፤ በአጭር ጨዋታ፣ ከአንድ ልጅ ጋር ብቻ፣ ተረኛ መምህር አጠገብ ቆሞ። ገና ሳይለምድ ወደ ትልቅ ቡድን ከገባ በመጀመሪያው ቀን ይባረራል።

ወረቀቶቹ ከሠንጠረዡ በኋላ ተቀዳደው ይጣላሉ። ሠንጠረዡም ከስም መጥሪያው ጋር አይቀመጥም፤ ስም መጥሪያውን ከስታፍ ሩም የሚያመላልሰው ሞኒተሩ ነው።