ከመሃል የጀመርኩት ጉብኝት

የባቻችን የምረቃ 20ኛ ዓመት ሲቃረብ የቴሌግራም ግሩፓችን ጦፈ። አንዱ አዳራሽ እንከራይ ይላል፣ አንዷ ቲሸርት እናሳትም ትላለች። እኔ ደግሞ በእኩለ ሌሊት «ስድስት ኪሎን በእግራችን እንዙር፤ የግቢውን ታሪክ እኔ እነግራችኋለሁ» ብዬ ጻፍኩ። ጠዋት ስነሣ ሁሉም ተስማምቷል። ምነው እጄን በቆረጠኝ አልኩ፤ ግን የታሪክ መምህር ነኝና «አልችልም» ማለት አይሆንልኝም። ከዚያው ግቢ፣ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ትምህርት ክፍል በ1996 ዓ.ም. ነው የተመረቅኩት። አራት ዓመት የኖርኩበትን ቤት ማስጎብኘት ምን ይከብዳል?

መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር አስተማሪ የሚያደርገው ነው፤ ኖት ጻፍኩ። 11 ገጽ ሆነ። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ በ33 ተማሪዎች መከፈቱን፣ በታኅሣሥ 1954 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ መመረቁን፣ ከአብዮቱ በኋላ የአሁኑን ስሙን ማግኘቱን፣ በ1970ዎቹ መባቻ የድኅረ ምረቃ ትምህርት መጀመሩን በየተራ ደረደርኩት። ለልምምድ ማትሪክ የምትጠብቀውን የእህቴን ልጅ ይዤ ሄድኩና በሩ ፊት ለፊት ቆሜ ማንበብ ጀመርኩ። 20 ደቂቃ ያህል ታገሠችኝ። ከዚያ በደብተሯ ፀሐዩን እየከለለች፣ በትሕትና፣ «አክስቴ፣ መቼ ነው የምንገባው?» አለችኝ።

ያን ቀን ማታ 11ዱን ገጽ ወደ ጎን አደረግኩት።

ዘዴውን ያገኘሁት ሙዚየሙ ውስጥ ነው። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ እንደሚገኝ የግቢው ልጆች ሁሉ እናውቃለን፤ እውነቱን ልናገርና፣ ተማሪ እያለሁ የገባሁት አንዴ ነው፤ እሱንም ፈተና ሳይደርስ፣ ዝናብ አባርሮኝ። አሁን ብቻዬን ሄጄ ቀስ ብዬ ዞርኩት። ተቋሙን እ.ኤ.አ. በ1963 ያቋቋሙትና የመጀመሪያው ዳይሬክተር የሆኑት ሪቻርድ ፓንክረስት ናቸው፤ ሙዚየሙን ያደራጁት ደግሞ ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ። የባህሉ ክፍል ዕቃዎቹን በብሔረሰብ ወይም በክፍለ ሀገር አልደረደራቸውም። የሰውን ሕይወት ተከትሎ ነው የሚሄደው፤ ልጅነት፣ ጉልምስና፣ ሞት። የልጆች መጫወቻ ካለበት ትጀምርና መቃብር ላይ ከሚቆም እንጨት ትደርሳለህ። የየት አገር ዕቃ እንደሆነ የሚጠይቀው ሐሳብ ወደ ኋላ ይቀርና «እኛም ቤት ይኼ አለ» የሚለው ይቀድማል።

እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ የእኔን ጉብኝት በሦስት ከፈልኩት፤ መግባት፣ መኖር፣ መውጣት። ዓመተ ምሕረቱ ይከተል እንጂ አይምራ አልኩ። የግቢ ተማሪ ሁሉ ይገባል፣ ይኖራል፣ ይወጣል። የ1950ዎቹም፣ የኛም፣ የዛሬዋም ፍሬሽ።

ቀጥሎ ወሬውን ከታሪኩ መለየት ነበረብኝ። ይኼ ከጠበቅኩት በላይ ፈጀኝ። ግቢ ውስጥ የማይወራ የለም፤ ስለ ምድር ቤቱ፣ ስለ ዋሻው፣ ግቢው ውስጥ ኪሲንግ ፑል ከሚባለው ኩሬ አጠገብ ስለተጀመሩ ትዳሮች። ደብተሬን በሦስት ዓምድ ሰነጠቅኩት፤ ያየሁት፣ ያነበብኩት፣ የሰማሁት። ሦስተኛው ዓምድ ቶሎ ሞላ። እሱን አልጣልኩትም፤ ስናገር ግን «ይባላል» ማለትን ደንብ አደረግኩ። አንዳንዴ ሰው ከሁሉ በላይ የሚወደው እሱን ነው፤ ግን ሲነገረው ምን እንደሆነ ይወቅ።

የዘመን አቆጣጠሩ ነገር ግን ሊያዋርደኝ ነበር። ከባቻችን ሦስቱ የመጡት ከቨርጂኒያ ልጆቻቸውን ይዘው ነው፤ ልጆቹ ፈረንጅ አቆጣጠር ብቻ ነው የሚያውቁት። ስለዚህ በሁለተኛው ልምምድ ላይ ቁጥሮቹን ቀላቀልኳቸው። የአንዱ ጓደኛችን አባት አብረውን ነበሩ፤ ጋሼ እንላቸዋለን። ከ1960 እስከ 1964 ዓ.ም. የዚሁ ግቢ ተማሪ ነበሩ። የካቲት 12 አደባባይ ሐውልቱ ሥር ቆሜ «በ1937 ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ሲጣል…» ስል ምርኩዛቸውን ከፍ አደረጉ።

«በ1937ማ ጣልያን የት ነበር?» አሉ።

እውነታቸውን ነው። በኛ አቆጣጠር 1937 ጣልያን ከወጣ አራት ዓመት አልፎታል። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምቡን የጣሉት የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ነው፤ እ.ኤ.አ. 1937 ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በኪሴ ትንሽ ካርድ ያዝኩ፤ ለእያንዳንዱ ክስተት ሁለቱንም ቁጥር ጎን ለጎን። ስናገር ግን ሁልጊዜ የኛን አስቀድማለሁ፤ ለልጆቹ ደግሞ የነሱን በእንግሊዝኛ እደግምላቸዋለሁ። ከመስከረም እስከ ፈረንጆቹ ዲሴምበር መጨረሻ ያለው ልዩነት ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት መሆኑን ለተማሪዎቼ ስንት ዓመት አስተምሬያለሁ! ሰው ፊት ቆመው ሲናገሩ ግን ይጠፋል።

የግቢ መግቢያ ፈቃድ ደብዳቤውንም ልንገራችሁ፤ ጥፋቱ የኔው ነው። የጎብኚዎችን ስም ዝርዝር አስቀድሜ ማስገባት ነበረብኝ። ከ23ቱ ሰዎች የሦስቱን ስም የጻፍኩት ዶርም ውስጥ በምንጠራቸው ነው። አንዱ «ቀለሜ»፣ አንዱ «ሻምበል»። ሻምበልን 20 ዓመት ሙሉ ሻምበል ብዬ ነው የጠራሁት፤ መታወቂያው ላይ ሌላ ሰው ነው! ዘበኛው ዝርዝሩን አየ፣ መታወቂያውን አየ፣ ሰውየውን አየ፣ ሳቀ። እንዲህ ያለ ጉዞ የምታዘጋጁ፣ ሰዉን የመታወቂያ ፎቶ አስልኩት።

ቀኑ ቅዳሜ ነበር። የጀመርነው ከበሩ ውጭ፣ ከሐውልቱ ነው፤ ዩጎዝላቪያ ያበረከተችው፣ በኦጉስቲንቺችና ክርሺኒች እጅ የተሠራው ነው። ሐውልቱ ላይ የተቀረጸውን እልቂት ለልጆቹ ብዙ አላብራራሁም። ዝም ብለው ዙሪያውን እንዲዞሩት ብቻ ነገርኳቸው። ሲመለሱ ጥያቄው ከነሱ መጣ። «ማን ነው ይህን ያደረገው? የት?» «ያ በር ይታያችኋል? እዚያ ውስጥ ነው የጀመረው» አልኳቸው። በዚህ ሁኔታ ነው የገባነው። መግባት የሚለው ክፍል ያለ አንድ ገጽ ንባብ አለቀ።

ቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት ያለውን ደረጃ ለልጆቹ የቤት ሥራ አደረግኩት። ጣልያኖች የሠሩት፣ ወደየትም የማያደርስ፣ ሰማይ ላይ የሚቀር ጠመዝማዛ ደረጃ ነው። እያንዳንዱ እርከን ፋሺስቶች እ.ኤ.አ. ከ1922 ጀምሮ ሥልጣን ላይ ለቆዩበት አንድ ዓመት የቆመ ነው። ጫፉ ላይ ግን ዛሬ የተቀመጠው የይሁዳ አንበሳ ነው፤ ከነፃነት በኋላ የወጣ። «እርከኑን ቁጠሩና 1922 ላይ ደምሩ፤ ከዚያ የት እንደቆመ ንገሩኝ» አልኩ። ሦስት ጊዜ ቆጠሩ፣ ሦስት ጊዜ ተጣሉ። እኔ ግማሽ ሰዓት ባወራ የማይገባቸውን፣ ያ ጭቅጭቅ አስገባላቸው። አንደኛዋ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት፣ አንበሳውን እያየች «እሱ ቀልዶባቸዋል» አለች። ከዚያ የተሻለ ማብራሪያ የለኝም።

ከዚያ ወደ ውስጥ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መኝታ ቤትና መታጠቢያ ቤት እንደነበረ ተጠብቋል። ልጆቹን የገረማቸው የአልጋው መጠን ነው፤ እኛን የገረመን የቤቱ ዕጣ። ይኸው ቤት የንጉሥ መኖሪያ ነበር፤ ግራዚያኒ በቅጥሩ ውስጥ ቆስሎበታል፤ በታኅሣሥ 1953 በነ መንግሥቱ ንዋይ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ጊዜ ታግተው የነበሩ መኳንንትና ሹማምንት አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ ተረሽነውበታል፤ ራስ አበበ አረጋይና ራስ ሥዩም መንገሻ ከነዚያ መሃል ናቸው። ከዓመት በኋላ ንጉሡ ቤቱን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት። ጋሼ እዚህ ጋ ቃሉን ነጠቁኝ። «ቤታቸውን ሰጡን፤ እኛም እዚያው ቤታቸው ቁጭ ብለን እሳቸውን አወረድን» አሉ። ይኼን ሲሉ ኩራት ነው ወይስ ጸጸት ከፊታቸው ማንበብ አልቻልኩም፤ ሁለቱም ይመስለኛል።

መኖር የሚለው ክፍል የኔ ነው ብዬ ነበር። ኬኔዲ ላይብረሪ ጋ ስንደርስ ሰዉ ተለቀቀ። ወንበር ለመያዝ ንጋት ላይ ተሰልፈን፣ ደብተር አስቀምጠን ቁርስ የምንሄደው፤ ስፔስ (ማጥኛ ክፍል) ገብተን ሌሊቱን ስንቸክል፤ በውጤቱ ዋርኒንግ (ማስጠንቀቂያ) የመጣበት ልጅ ለሳምንት ላውንጅ የማይታየው፤ ሰቃዩ፣ ማለትም ጎበዙ ልጅ በፈተና ዋዜማ ተኝቶ የሚያናድደን። ሌሊት ደግሞ ከአንበሳ ግቢ የሚመጣው ግሳት። ፍሬሽ እያለሁ የመጀመሪያውን ሌሊት ብርድ ልብሴን ተከናንቤ ስጸልይ አደርኩ፤ አልጋዬ በላይ ያለችው የጎንደር ልጅ «ዝም በይ፣ ታስሯል» አለችኝ። ይህን ስናወራ ልጆቹ ደረጃውን ረስተው ይስቁ ጀመር።

እዚህ ላይ ግን ስሕተት ሠራሁ። በኛ ሳቅ ተወስጄ የሌሎቹን መኖር ረሳሁት። የ1950ዎቹና የ60ዎቹ ልጆች ያገር ቤት አገልግሎት ነበራቸው፤ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪ ሳይመረቅ አንድ ዓመት ገጠር ወርዶ ያስተምር ነበር። ጋሼ የዘመቱት ወለጋ ነው። «ምን አስተማሩ?» ብዬ በጨዋ ደንብ ጠየቅኳቸው። «ሒሳብ» አሉ። «ምን ተማሩ?» አላቸው ከቨርጂኒያ የመጣው ልጅ፣ በተሰባበረ አማርኛ። ጋሼ ቆሙ። ስለ ባላባትና ጭሰኛ፣ ደቀ መዝሙሮቻቸው በመኸር ለምን ከክፍል እንደሚቀሩ፣ ስለ አንድ አባወራ ጎተራ ነገሩን። «መሬት ለአራሹ» እሳቸው ሳይገቡ፣ በየካቲት 1957 ተጮኾ ነበር፤ «እኔ ግን የገባኝ እዚያ ነው፤ ከመፈክሩ አይደለም» አሉ። እኔ ያላዘጋጀሁት ጥያቄ ነው ይህን ያወጣው። አሁን አዛውንት ካለ ኖቴን ወደ ግማሽ እቀንሳለሁ።

መውጣት ላይ ስንደርስ ዘወትር ምረቃ ነበር ያሰብኩት፤ ጥቁር ጋውን፣ ከበር ውጭ የሚሸጥ አበባ፣ ከገጠር የመጡ ወላጆች። ግን ሁሉም እንዲያ አልወጣም። የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበረው ጥላሁን ግዛው ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. ማታ በጥይት ተገደለ፤ በማግስቱ አስከሬኑን ተማሪዎች ግቢ ውስጥ ይዘው ሳለ የክብር ዘበኛ ገብቶ ተኮሰ። ጋሼ እዚያ ነበሩ። ጠየቅኳቸው፤ እጃቸውን አወዛወዙ፣ «አንቺ ንገሪ» አሉኝ። የማውቀውን በአጭሩ ተናገርኩ፤ ላሰማምር አልሞከርኩም። በ1967 ደግሞ ግቢው ባዶ ሆነ፤ ወደ 60 ሺህ የሚጠጋ ተማሪና መምህር ለእድገት በኅብረት ዘመቻ ገጠር ወረደ። ከዚያ በኋላ የመጡትን ዓመታት ለመናገር ከ23ቱ ሰዎች ውስጥ ዘመድ ያልሞተበት አልነበረም፤ ስለዚህ ዝም ብለን ወደ በሩ ሄድን። ለሁለት ሰዓት ያቀድኩት አራት ሰዓት ፈጅቷል። ውሃ አልያዝኩም፣ ልጆቹ ተርበዋል፣ አንዷ ጓደኛዬ ሂል ጫማ አድርጋ መጥታ በካልሲ ነው የወጣችው።

ማኪያቶ ይዘን ተቀምጠን ሁሉም ሲያመሰግነኝ ጋሼ ዝም አሉ። ቆይተው፣ «ልጄ፣ ጥሩ ነው፤ ግን ከመሃል ነው የጀመርሽው» አሉኝ።

«እንዴት ጋሼ?»

«ዩኒቨርሲቲው የተወለደው አራት ኪሎ ነው። እናንተ ስድስት ኪሎ ስለተማራችሁ እዚህ የጀመረ ይመስላችኋል።»

ፊቴ ቀላ። 1943 ዓ.ም. ብዬ የጻፍኩት እኮ አራት ኪሎ ነው! በወረቀቱ ላይ አለ፤ በእግሬ ግን አላለፍኩበትም። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁን የከፈቱት በሉሲየን ማት የሚመሩ ካናዳውያን ጀስዊቶች፣ የካቶሊክ ማኅበር አባላት፣ ናቸው፤ ሃይማኖት ሊሰብኩ አልመጡምና የክህነት ልብሳቸውን ትተው በሱፍና በከረባት ነበር የሚያስተምሩት። ከነሱ አንዱ አባ ፒየር ጉዋን አራት ኪሎ ላይ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪውን አቋቋሙ፤ አዲስ አበባ ለመግነጢሳዊው ወገብ ቅርብ በመሆኗ ለዓለም ሁሉ የሚጠቅም ልኬት ይወሰድበት ነበር። እኛ የማኅበራዊ ሳይንስ ልጆች «የሳይንሶቹ ግቢ» ብለን የናቅነው ግቢ!

በሚቀጥለው ወር ለሁለተኛ ጊዜ ወጣን፤ ዘጠኝ ሰዎች ብቻ። ይህን ጊዜ ስሙ በትክክል ተጽፏል፣ ውሃ ተይዟል፣ የኔ ወረቀት አንድ ገጽ ናት። ከአራት ኪሎ ጀምረን አምስት ኪሎን አልፈን ወደ ላይ ነው የምንሄደው። ታክሲው «ስድስት፣ ስድስት፣ ስድስት» እያለ አጠገባችን ቆመ። ዳገቱን አስቤ ጋሼን «እንሳፈር?» አልኳቸው።

«እኛ በእግራችን ነበር የምንወጣው» አሉና ምርኩዛቸውን አስቀድመው መንገድ ጀመሩ።