አንድ ሰዓት እንቅልፍ

እጮኛዬ ዲሲ ፓርኪንግ ነው የሚሰራው፣ ሲወጣ በነሱ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኛ ደሞ ከሌሊቱ 11 ይሆናል፣ እና እኔ አራት አመት ሙሉ ያለአላርም 11 ሰዓት ላይ እየነቃሁ እህቴ እንዳትሰማኝ ብርድ ልብስ ተከናንቤ በስልክ እየተንሾካሾክኩ ነው የከረምኩት።

ዲቪ ደርሶት ሲሄድ የተባባልነው ግልፅ ነበር። ግሪን ካርድ ይዞ ለእጮኛ ፕሮሰስ መጀመር ስለማይቻል 5 አመቱን ጠብቆ ሲትዝን ይሆናል ከዛ ይወስደኛል። እሺ ብዬ ቁጭ አልኩ። በኋላ አንዷ የመስሪያ ቤት ልጅ "መጥቶ ከተጋባችሁ እኮ ወረፋው ቢረዝምም ለሚስት በግሪን ካርዱም ይጀመራል" አለችኝ። ደስ ብሎኝ ስነግረው ዝም አለ። ከዛ "እንግዲህ እናያለን፣ ኔትዎርኩ እየተቆራረጠ ነው" (ኔትዎርኩ እውነትም ይቆራረጥ ነበር፣ አልዋሽበትም)።

ያኔ ገብቶኛል ብል ውሸት ነው። ለጥምቀት እመጣለሁ አለ፣ ለፋሲካ ሆነ፣ ከዛ ለእንቁጣጣሽ፣ እኔ ደሞ ለእማዬ ምክንያቱን ከሱ በላይ አሳምሬ ማስረዳት ለመድኩ። ስራ በዝቶበት ነው፣ ቲኬት ተወዶ ነው ምናምን። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። እማዬ ታማ የተኛች ጊዜ ሳልጠይቀው ብር ልኳል፣ እና ከዛ በኋላ ያለውን አንድ አመት ፍቅር ሳይሆን ይሉኝታ ነው ያቆየኝ።

አምና ጥቅምት መጨረሻ ላይ እነሱ ሰዓታቸውን ወደኋላ ሲመልሱ ልዩነታችን ከ7 ወደ 8 ሰዓት ሄደ። ድሮ ይሄ ነገር ሆዴን ያባባው ነበር፣ በቃ ጭራሽ የራቀ ይመስለኛል። ያን ቀን ግን መጀመሪያ የመጣልኝ ነገር "ተመስገን፣ እስከ 12 እተኛለሁ" የሚል ነው። ወዲያው ደነገጥኩ። ተነስቼ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩና እሱ ባይደውል የሚከፋኝ መቼ ነበር ብዬ ወደኋላ ባስብ ባስብ ትዝ አልል አለኝ።

በሳምንቱ ነገርኩት። አልተጣላንም። "ሌላ ሰው አለ እንዴ?" አለኝ።

"የለም፣ እንቅልፌ ነው" አልኩት፣ ቀልድ መስሎት ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ፣ ከዛ ሁለታችንም ብዙ ዝም አልን።

እማዬ እስካሁን ለአክስቴ ፕሮሰስ ላይ ናቸው ነው የምትላት። እኔም እስካሁን 11 ሰዓት ላይ እነቃለሁ፣ የቅዳሴው ድምፅ ከሩቅ ይሰማኛል፣ እገላበጥና እተኛለሁ።