የአዱሊስን ካርታ በአሳላፊ ወረቀት መሣል፦ እስካሁን የደረስኩበት

ስለ አዱሊስ ማንበብ ከጀመርኩ ወዲህ ለሰው ለማሳየት የማላፍርበት ነገር በእጄ የገባው በቅርቡ ነው፤ በዛሬዋ ኤርትራ በቀይ ባሕር አካባቢ የምትገኘውን ይህችን ጥንታዊት የወደብ ከተማ በየዘመኗ ለይቶ የሚያሳይ፣ በአሳላፊ ወረቀት የተሣለ ባለ አራት ሉህ ካርታ።

አጀማመሬን ባጭሩ ልለፈው። ከሥራ በኋላ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት እየተቀመጥኩ ስለ ቁፋሮዎቹ አነበብኩ። እ.ኤ.አ. በ1906 ስዊድናዊው ሱንድስትሮም፣ በ1907 ጣሊያናዊው ፓሪቤኒ፣ በ1961 እና በ1962 ፈረንሳዊው አንፍሬ፣ ከ2011 ወዲህ ደግሞ የኤርትራና የጣሊያን ባለሙያዎች በጋራ ቆፍረዋል። የሸክላ ስብርባሪውን ምደባ ትዕግሥቴን ስለፈተነው ዘልዬዋለሁ፤ የየንብርብሩ ዕድሜ በአብዛኛው የሚታወቀው በእርሱ መሆኑን እያወቅሁ እስካሁን አልተመለስኩበትም።

ያስቸገረኝ የባሕሩ ዳርቻ ነው። «የወደብ ከተማ» ስለምንላት ብቻ ነጥቧን ውኃው ጠርዝ ላይ ማስቀመጥ ይቀናናል። በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግሪክኛ የተጻፈው የነጋዴዎች የባሕር ጉዞ መመሪያ፣ ፔሪፕለስ፣ ግን ከተማዋ ከባሕሩ 20 ስታድዮን (ልኩ አንድ ወጥ ያልነበረ የጥንት ግሪኮች የርቀት መለኪያ) ገባ ብላ እንደምትገኝ፣ መርከቦችም ከየብስ የሚመጣባቸውን ጥቃት ሸሽተው በአንዲት ደሴት አጠገብ መልሕቅ እንደሚጥሉ ይናገራል። አንዱን ስታድዮን 185 ሜትር ካልነው ርቀቱ 3.7 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ 157 ሜትር ካልነው ደግሞ 3.14 ኪሎ ሜትር። የ560 ሜትር ልዩነት በእኔ ሉህ ላይ ቀላል አይደለም። ከዚህም በላይ የሐዳስ ወንዝ ከደጋው ጠርጎ ያወረደው ደለል ፍርስራሹን ቀብሮታል፤ ስለዚህ ዛሬ በሳተላይት የምናየውን ዳርቻ የጥንቱ ነጋዴ ያየው ነው ብሎ መገልበጥ አይቻልም። በመጨረሻ በኮምፓስ ሁለት ቅስቶች ሠርቼ በመካከላቸው ያለውን ስፍራ በእርሳስ ቀለል አድርጌ አጠቆርኩት፤ ዳርቻው እዚያ ውስጥ የሆነ ቦታ ነበር፣ ከዚያ በላይ ጽሑፉ አያስኬድም።

በዚህ ጉዳይ ላይ አቋሜ የጠነከረ ነው፦ የተለያየ ዘመን ምንጭ በአንድ ሉህ ላይ መስፈር የለበትም። በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አዱሊስ የደረሰውና የአገሩ ገዥ በዐፄ ካሌብ ትእዛዝ የድንጋይ ጽሑፍ ያስገለበጠው ነጋዴ ኮስማስ፣ ከከተማዋ ተለይታ ባሕር ዳር ያለችውን ገበዛን ይጠቅሳል፤ ካሌብም በደቡብ ዓረቢያ ወደነበረው የሂምያር መንግሥት የዘመተባቸው መርከቦች የተሰበሰቡት እዚያው ነው። ይህንን ከፔሪፕለስ 20 ስታድዮን ጋር አዳብሎ አንድ ወደብ መሣል በመካከል ያለውን አምስት መቶ ዓመት መሰረዝ ነው። ኮምፒውተር ላይ ስሞክረው ሁሉም መስመር እኩል ንጹሕ፣ እኩል እርግጠኛ መስሎ እየታየኝ ተቸግሬ ነበር። ከፒያሳ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ የተገዛ አሳላፊ ወረቀት ግን ከዚህ ገላግሎኛል። አራቱን ሉሆች በአንድ ጠርዛቸው በፕላስተር አያይዤ በመስኮት ብርሃን ላይ ስዘረጋቸው፣ የስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሉህ ሲነሣ ገበዛ አብራ ትነሣለች፤ ከሥር የሚቀረው የፔሪፕለስ ጥቁር ቅስት ብቻ ነው። በላፕቶፕ የምትሠሩ ጓደኞቼ ቅር እንዳትሰኙ፤ መስመሩን በእጅ ያላሰመረ ሰው ከየት እንዳመጣው ቶሎ ይረሳል ባይ ነኝ።

ለጀማሪ የምመክረው በቁፋሮ ከተገኙት የከተማዋ አብያተ ክርስቲያናት እንዲነሣ ነው፣ ምክንያቱም ግድግዳቸው ተለክቷል፣ ከውስጣቸው የወጣውም እብነ በረድ ከሩቅ የመጣ ስለሆነ የንግዱን ስፋት ወዲያው ያሳያል። እኔ ግን በዚህ መንገድ አልሄድኩም፤ የባሕሩ ነገር ቀልቤን ስለወሰደው ከዳርቻው ጀመርኩ፣ ቤተ ክርስቲያኖቹም በሉሆቼ ላይ እስካሁን ባዶ አራት ማዕዘኖች ናቸው።

ሦስተኛው ሉህ የ1868 እ.ኤ.አ. ነው፤ አራተኛው የዛሬው የሳተላይት ምስል ቅጂ ስለሆነ ብዙ የሚወራለት የለውም። በዐፄ ቴዎድሮስ ላይ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ያረፈው እዚያው አዱሊስ አጠገብ ባለችው ዙላ ነበርና የመርከብ መውረጃና የባቡር ሐዲድ ሠርቷል፤ ወታደሮቹም አዱሊስን ቆፍረው ያገኙትን እብነ በረድ ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ልከዋል። ያ መውረጃ የቆመበት ቦታ በትክክል ከታወቀ፣ ዳርቻው ከዚያ ወዲህ ምን ያህል እንደተንቀሳቀሰ መለካት ይቻላል። የሐዲዱን መስመርና የመውረጃውን ቦታ ከነልኬቱ የሚያሳይ የዘመኑ ካርታ ያለው ሰው ካለ ቅጂውን ቢያውሰኝ ሦስተኛውን ሉህ እጨርሰዋለሁ።