አማተር ሬዲዮ ስፖርት ነው ወይ?

አማተር ሬዲዮ እወዳለሁ ስል ብዙ ሰው የሚመስለው አሮጌ ሬዲዮ የምሰበስብ ነው። ነገሩ ግን ፈቃድ ይዞ፣ በራስ ማሰራጫ፣ ያለ ክፍያ ከሌሎች የሬዲዮ ወዳጆች ጋር በአየር ሞገድ መገናኘት ነው። እንደምወዳደርበት ስናገር ደግሞ ጥያቄው ወዲያው ይመጣል። ሰሞኑን አንድ ወዳጄ "ቁጭ ብለህ እያወራህ ይሄ ምኑ ስፖርት ነው? የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ በለው እንጂ" አለኝ። እሱም የሬዲዮ ሰው ነው፤ ውድድር ግን አይወድም። ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለ ዛሬ ልጻፈው።

መጀመሪያ "ቁጭ ብለህ" የምትለዋን ላንሳ። መለኪያው ላብ ከሆነ ኢላማ ተኩስም ስፖርት አይደለም። የተኳሽ ጉብዝና እንዲያውም ሳይነቃነቅ መቆሙ ላይ ነው። ሆኖም ተኩስ እ.ኤ.አ. በ1896 አቴንስ ላይ በተካሄደው የመጀመሪያው ዘመናዊ ኦሎምፒክ ውስጥ ነበር። የዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽንም በ1999 ከዓለም አቀፉ ኦሎምፒክ ኮሚቴ እውቅና አግኝቷል። በሶቭየት ኅብረት ዘመን ደግሞ የሬዲዮ ስፖርት በይፋ ስፖርት ነበር፤ ጎበዞቹ "የስፖርት ማስተር" ማዕረግ ያገኙበት ነበር። ስለዚህ ወንበሩ አያከራክረኝም።

ይልቅ ውድድሩ ውስጥ ምን እንዳለ ላስረዳ። ከትልልቆቹ አንዱ ሲኪው ወርልድ ዋይድ ይባላል። በኦክቶበር የመጨረሻ ሙሉ ቅዳሜና እሁድ በድምፅ፣ በኖቬምበር የመጨረሻ ሙሉ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ በሞርስ፣ ማለትም ፊደልን በአጭርና በረጅም ድምፅ በሚልከው ኮድ፣ ይካሄዳል። 48 ሰዓት ነው፣ ሙሉ 48 ሰዓት። ዓለም በ40 ዞን ተከፍላለች። ከምታገኘው ጣቢያ ጋር የጥሪ ምልክት (የጣቢያው መለያ የሆነ የፊደልና የቁጥር ስም)፣ የሲግናል ጥራትና የዞን ቁጥር ትለዋወጣለህ። በቃ፣ ወደ ቀጣዩ። ከሌላ አህጉር ጣቢያ ጋር የተደረገ ግንኙነት 3 ነጥብ አለው። የሰበሰብከው ነጥብ ደግሞ ባገኘሃቸው አገሮችና ዞኖች ብዛት ይባዛል።

ይህ ማባዛት ነው ጭንቅላትን የሚፈትነው። አንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ሆነህ እየጠራህ ብዙ ሰው ታስተናግዳለህ? ወይስ ቦታህን ትተህ ያልያዝከውን አገር ፍለጋ ትወጣለህ? 28 ሜጋኸርዝ አሁን ክፍት ነው፣ ማለትም ሩቅ ያደርሳል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን ሊዘጋ ይችላል። ፀሐይ ስትጠልቅ ከፍተኛዎቹ ፍሪኩዌንሲዎች አንድ በአንድ ይሞታሉ፣ ዝቅተኛዎቹ ይነቃሉ። የሬዲዮ ሞገዱን ወደ ምድር የሚመልሰው አዮኖስፌር የሚባለው የላይኛው የከባቢ አየር ክፍል የሚኖረው በፀሐይ ጉልበት ነው፤ ፀሐይ ራሷም በግምት 11 ዓመት በሚፈጅ ዑደት ትበረታለች፣ ትዳከማለች። ይህን ሁሉ እያሰብክ ሁለተኛው ሌሊት ይመጣል። እዚያ ላይ ነው ሰው የሚለየው። በጫጫታ ውስጥ አራት ሰው ባንዴ ሲጠራህ የአንዱን ምልክት ነጥለህ መስማት አለብህ። አንዲት ፊደል ከሳትክ ደግሞ ዋጋ ትከፍላለህ። ከውድድሩ በኋላ የሁሉም መዝገብ በኮምፒውተር ይመሳከራል። በስህተት የጻፍከው ግንኙነት ይሰረዛል፣ ቅጣትም ይጨመርበታል። ጆሮ፣ ፍጥነት፣ ስልት፣ ጽናት። ይህ ስፖርት ካልሆነ ምን እንደሚባል አላውቅም።

ግን ወዳጄ ያላነሳው፣ እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ጥያቄ አለ። ውድድሩ እኩል ነው ወይ? አይደለም። አንዱ ባሕር ዳርቻ ላይ ነው፤ ጨዋማው ውሃ ሞገዱን ሩቅ ይወስድለታል። ሌላው በፎቅ በተከበበ ሰፈር አንዲት ሽቦ በመስኮት አውጥቷል። አንዱ ረጃጅም የአንቴና ማማዎች ማቆም የሚያስችል ገንዘብና መሬት አለው። የሁለቱ ውጤት ጎን ለጎን ሲወጣ የታየው ችሎታ ነው ወይስ ንብረት? የማሰራጫውን የኃይል መጠን እየለዩ ተወዳዳሪውን በምድብ መከፋፈሉ ይረዳል፣ ቦታን ግን አያስተካክልም። በሯጮች ዓለም አንዱ ዳገት፣ ሌላው ቁልቁለት ሲሮጥ ዝም ብሎ የሚያይ ዳኛ የለም።

ለዚህ ጥያቄ እጅግ የማደንቀው መልስ የዓለም የሬዲዮ ስፖርት ቡድኖች ሻምፒዮና ነው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1990 በሲያትል ተካሄደ። ከዚያ ወዲህ በየጥቂት ዓመቱ በተለያዩ አገሮች ይደረጋል፤ በ2014 በአሜሪካ ኒው ኢንግላንድ፣ በ2018 በጀርመን፣ በ2023 በጣሊያን። ከጊዜ ወደ ጊዜ እየተሻሻለ መጥቶ አሁን አሠራሩ እንዲህ ነው። ሁለት ሁለት ሰው ያላቸው ቡድኖች ሜዳ ላይ ድንኳን ይሰጣቸዋል። ቦታዎቹ ተቀራራቢ እንዲሆኑ ታስቦበት የተመረጡ ናቸው። አንቴናው የሁሉም አንድ ዓይነት ነው። ውድድሩ 24 ሰዓት ነው፣ ከየቡድኑ ጋርም ዳኛ ይቀመጣል። የጥሪ ምልክታቸውን የሚያውቁት ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው ነው፤ ይህም ጓደኞቻቸው ለይተው እንዳያግዟቸው ነው። እንዲህ ንብረትና ዝና ከተነሱ በኋላ የሚቀረው ሰውየው ብቻ ነው። ለእኔ ስፖርት እዚህ ላይ ሙሉ ይሆናል።

ላብ ካላየሁ አላምንም ለሚል ደግሞ የቀበሮ አደን አለ። ቀበሮዎቹ ጫካ ውስጥ የተደበቁ አምስት ትናንሽ ማሰራጫዎች ናቸው። ተራ በተራ አንድ አንድ ደቂቃ ይልካሉ፣ ከዚያ ዝም ይላሉ። ሁሉም በሞርስ M እና O የሚባሉትን ፊደላት ይልኩና መጨረሻ ላይ ነጥብ (አጭር ድምፅ) ይጨምራሉ። አንድ ነጥብ ከሆነ የመጀመሪያው፣ አምስት ከሆነ አምስተኛው ነው። ተወዳዳሪው አቅጣጫ የሚጠቁም አንቴና፣ ካርታና ኮምፓስ ይዞ ይሮጣል። ማሰራጫው ዝም ሲል በግምት መሮጥ ነው። የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. በ1980 በፖላንድ ተካሂዷል። በሞርስ ፍጥነት ብቻ የሚወዳደሩም አሉ፤ በደቂቃ ከ200 ፊደል በላይ በጆሮ ይቀበላሉ።

እንዲህ ተከራክሬ ስጨርስ ግን ወዳጄም እውነት አለው። ውድድሩ ስፖርት ነው፤ አማተር ሬዲዮ በሙሉ ግን ስፖርት አይደለም። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 12 ቀን 1961 የአማተሮች የመጀመሪያዋ ሳተላይት ኦስካር 1 ወደ ሕዋ ወጣች። የሠሯት በፈቃደኝነት የተሰባሰቡ የሬዲዮ ወዳጆች ነበሩ። በሞርስ "ሃይ" የምትል ሰላምታ ትልክ ነበር፣ የመላኩ ፍጥነት ደግሞ ከውስጥ ሙቀቷ ጋር ይለዋወጣል። በተለያዩ አገሮች ያሉ አማተሮች ሰዓት ይዘው ፍጥነቷን እየለኩ ሪፖርት ላኩ። ማን አሸነፈ? ማንም። ዓለም አቀፉ የሬዲዮ ደንብም አማተርን ሲገልጽ ለውድድር ቦታ አልሰጠም። ራስን ማሠልጠን፣ መገናኘትና ቴክኒክ መመርመር፣ ያውም ያለ ገንዘብ ጥቅም ነው የሚለው። ወዳጄ የሚወደው ይህንን ነው። ከማያውቀው ሰው ጋር ተገናኝቶ ስለ ሠራው አንቴና፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ አየሩ አንድ ሰዓት ያወራል። ለእሱ የውድድር ቅዳሜ መከራ ነው። በሄደበት ሁሉ ሰው በጥድፊያ ቁጥር ይጠራል፤ ረጋ ያለ ወሬ የሚጀመርበት ክፍተት ያጣል።

ቅሬታው ይገባኛል። እውነቱን ለመናገር አንዳንድ ተወዳዳሪዎች አየሩን የግል ሜዳቸው ያደርጉታል፤ ሁለት ሰው ሲያወራ ሳያዳምጡ ላዩ ላይ የሚጠሩ አሉ። ይህን ስፖርት ብዬ አልከላከልለትም። ጨዋ ተወዳዳሪ ፍሪኩዌንሲው ተይዞ እንደሆነ መጀመሪያ ይጠይቃል።

ደስ የሚለኝ ግን የሬዲዮ ሰዎች ለዚህ ክርክር ተግባራዊ መላ ማበጀታቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 በጄኔቫ በተደረገው ዓለም አቀፍ ጉባኤ አማተሮች በ10፣ በ18 እና በ24 ሜጋኸርዝ አካባቢ አዳዲስ የፍሪኩዌንሲ ክልሎች አገኙ። እነዚህ ላይ ውድድር አይካሄድም፤ በስምምነት ለሌላው ተጠቃሚ ተትተዋል። አየሩ ሁሉ በጥሪ ሲታመስ እነሱ ጸጥ ያሉ ናቸው።

ለወዳጄም ይህንኑ ነው የጻፍኩለት። በኖቬምበሩ ውድድር እኔ 14 ሜጋኸርዝ ላይ ነኝ፣ እሱ 18 ላይ ይሁን። ሰኞ ማታ፣ እንቅልፌን ከጠገብኩ በኋላ፣ እዚያው 18 ላይ መጥቼ አዲሱን አንቴናውን እሞክርለታለሁ። ተስማምቷል።