ግፍና ፍርሃት

ስለ ፍሎሬንሱ የፖለቲካ ጸሐፊ ስለ ኒኮሎ ማኪያቬሊ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው፣ «ልዑሉ» በተባለው መጽሐፉ ገዥ ሁለቱንም ማግኘት ካልቻለ ከመወደድ መፈራት ይሻለዋል ያለውን ነው። በዚያው ምዕራፍ የሰጠውን ማስጠንቀቂያ የሚያነሣ ግን ጥቂት ነው፤ ገዥ ቢፈራም እንዳይጠላ ይጠንቀቅ፣ ከሁሉ በላይ እጁን ከሰው ሀብት ይሰብስብ፣ ሰው የአባቱን ሞት ቶሎ ይረሳል እንጂ የአባቱን ርስት ማጣት አይረሳምና ይላል።

ጎጃም ላደገ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የጎጃም ገበሬ ያመፀው ከገንዘቡ ይልቅ ለርስቱ ሰግቶ ነበር። ብቸና አካባቢ ያረሱት አያቴ፣ «ዛሬ ገቢህን የጠየቀህ ነገ ቀላድ (የመሬት መለኪያ ገመድ) ይዞ ይመጣል» ይባባሉ እንደነበር ደጋግመው ነግረውኛል። መንግሥት ጦርና አውሮፕላን ቢልክም በመጨረሻ ግብሩን ለመተው ተገድዷል።

ማኪያቬሊና አያቴ የሰውን ሀብት አትንካ በማለት ይስማማሉ፤ ምክንያታቸው ግን ለየቅል ነው። ለማኪያቬሊ ነገሩ የሥልጣን ስሌት ነው። አያቴ «ግፍ» ሲሉ ግን በደሉንም፣ የተበዳዩን እንባም፣ በበዳዩ ላይ የሚመጣውንም በአንድ ቃል መጥራታቸው ነው፤ እኔም ከፍሎሬንሱ ሊቅ ይልቅ ወደዚህ ቃል አደላለሁ።

የውጭ ጠላት ስጋትና የአገር አንድነት ጭካኔን ግድ ይላሉ የሚለው ክርክር ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። አፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. በጎጃም ላይ ሲዘምቱ በምዕራብ የሱዳን ደርቡሽ ነበረባቸው፣ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም በእሳቸው ላይ መክረዋል ብለው ጠርጥረው ነበር። ነገር ግን በንጉሥ ጥፋት ጎተራው የተዘረፈውና ከብቱ የተነዳው ምክሩን ያልሰማው ገበሬ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በደረሰው ጥፋት ማዘናቸው ተጽፏል፤ ለዚህ ዓይነቱ ጸጸት በማኪያቬሊ ስሌት ውስጥ ቦታ አላገኘሁለትም።

በምትኩ ያገኘሁት በጣሊያኗ ከተማ በቼዜና የሆነውን ታሪክ ነው። መስፍኑ ቼዛሬ ቦርጃ የሮማኛን ግዛት በጭካኔ ጸጥ እንዲያሰኝለት ረሚሮ ደ ኦርኮን ሾመ፤ ሥራው ካለቀና ሕዝቡ ካመረረ በኋላ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1502 መገባደጃ፣ ሹሙ ለሁለት ተከፍሎ አደባባይ ላይ ተጥሎ ተገኘ። ሕዝቡ ረካም ደነገጠም ይላል ማኪያቬሊ፣ ብልሃቱን እያደነቀ።

በእኛም ዘንድ «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» ይባላልና፣ ከ1960ው አመፅ በኋላ የተነሣው አገረ ገዥው ነበር። አያቴ ይህን ሲተርኩ ግን አንድም ቀን ደስ ብሏቸው አላየሁም። ከዘራቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ «የላከውስ?» ይሉና ዝም ይላሉ።