መብራት ሲጠፋ ያልቆመው ድምፅ

ቢሯችን ደሴ ፒያሳ ነው። ባነር እናትማለን፣ ማህተም እንቀርፃለን፣ ሥራ ሲጠፋ የሠርግ ካርድም አንንቅም። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ደግሞ በራችን ላይ ካለው ጽሑፍ ሥር «ድረ ገጽ እንሠራለን» የሚል አንድ መስመር ጨምረናል። ይህን ጣጣ ያመጣብን ያቺን መስመር አንብቦ የገባ ደንበኛ ነው።

ሰውየው የኮምቦልቻ ነጋዴ ነው። የፋብሪካ ሠራተኞች የእግር ኳስ ዋንጫ ስፖንሰር አድርጓል። ኮምቦልቻ ላይ ፋብሪካ ሞልቷል፣ ስለዚህ እንዲህ ያለ ውድድር ተመልካች አያጣም። እሱ የፈለገው የደጋፊዎች ኮከብ ተጫዋች በኢንተርኔት እንዲመረጥ ነው። ሽልማቱ ፍሪጅ ነው። ሰው ፍሪጅ ሲባል እንዴት እንደሚነቃ ያየሁት ያኔ ነው።

ለእያንዳንዱ መራጭ በኤስኤምኤስ የማረጋገጫ ቁጥር እንላክ አልነው። «የኤስኤምኤሱን ማን ይከፍላል?» አለ። እሺ፣ በኢሜይል ይመዝገቡ አልነው። «የሽመና ሠራተኛ ኢሜይሉን ይከፍታል ብለህ ነው?» አለ። እንግዲያው ማጭበርበር ቀላል እንደሚሆን ውሉ ላይ ጽፈን አስፈረምነው። ሳያነብ ፈረመ።

ስለዚህ ገጹ እንዲህ ሆነ። ሊንኩን ትነካለህ፣ የእጩዎቹ ፎቶ ይመጣል፣ የምትፈልገውን ትጫናለህ፣ አለቀ። ስልክህ ብሮውዘር ላይ ኩኪ የምትባል ትንሽ ምልክት ትቀራለች። ሁለተኛ ስትመጣ እሷን አይቶ «መርጠዋል» ይልሃል። ኩኪዋን ማጥፋት ለሚያውቅ ሰው ግን በሩ ክፍት ነው። ለዚህ ብለን ከአንድ የአይፒ አድራሻ፣ ማለትም ኢንተርኔት ላይ መሣሪያ ከሚታወቅበት አንድ ቁጥር፣ ብዙ ድምፅ እንዳይገባ ገደብ አድርገን ነበር። ገደቡ አንድ ቀን አልቆየም። «ሳልመርጥ መርጠሃል አለኝ» የሚል ስልክ ከጠዋት እስከ ማታ ሲጮህ ዋለ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የድሮዎቹ የአይፒ ቁጥሮች በመላው ዓለም 4.3 ቢሊዮን ገደማ ናቸው። ለሁሉ ስለማይበቁ የቴሌኮም ድርጅቶች ብዙ የሞባይል ደንበኛ ከአንድ አድራሻ ጀርባ ያሰልፋሉ። ከውጭ ሲታይ ሰፈሩ ሁሉ አንድ ሰው ይመስላል። ገደቡን አነሳነው።

ከዚያ በኋላ በረኛው መምራት ጀመረ።

የበረኛው ድምፅ ያስፈራ ነበር። ለሰዓታት ዝም ይልና በድንገት ይጎርፋል። ያውም አብዛኛው ከአንድ አድራሻ። ግራፉን ያየ ሁሉ ሌባ ተገኘ ይላል። ሥራ አስኪያጃችን ጋሼ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩትና «ይሄ ልጅ ይውጣ» አሉ። አጥቂው በሁለተኝነት ይከተላል። የእሱ መስመር ለስላሳ ነው። ቀን ከሌት እኩል ይወጣል፣ የሚያስነቅፍ ነገር የለውም።

ይህን ያፈረሰችው ዲዛይነራችን ናት። ቤቷ ኮምቦልቻ ነው፤ በየቀኑ በሐረጎ ዳገት በሚኒባስ ተመላልሳ ትሠራለች። ገጹ ስለሚቀመጥበት ኮምፒውተር፣ ስለ ሰርቨር፣ ምንም አታውቅም፣ ማወቅም አትፈልግም። ግራፉ ላይ ሻይዋን ይዛ ቆመችና፣

«ይሄ ትናንት ማታ ነው?» አለችኝ።

«አዎ። 17:30 የሚለው በእኛ ማታ 2:30 ነው። ሰርቨሩ በግሪንዊች ሰዓት ነው የሚጽፈው።»

«ትናንት ማታ እኮ ኮምቦልቻ መብራት አልነበረም። ኔትወርኩም አብሮ ሄደ። እኔ ራሴ ለእናቴ መደወል አቅቶኝ ነበር። ታዲያ ይሄ ሰውዬ ማን መረጠው?»

ሁላችንም ዞርን። እውነትም የሌሎቹ እጩዎች መስመር ከማታው አንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ወድቋል። ደሴ ያለ ዘመድ ወይም ጅዳ ያለች እህት አልፎ አልፎ ትጫናለች እንጂ ሌላ የለም። አጥቂው ግን ቅንጣት አልተነካም። ከተማው ጨልሞ እሱ በዚያው ፍጥነት ይመረጣል።

ከዚያ ወዲያ ሌላውን ማየት ቀላል ሆነ። ዓርብ በጁምአ ሰዓት የሁሉም ድምፅ ይቀንሳል፣ የአጥቂው አይቀንስም። እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ነው፣ ያኔም አይቀንስም። ትልቅ የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ ባለበት ምሽት ደግሞ መስጊድ የሚሄደውም ቤተ ክርስቲያን የሚሄደውም አንድ ቴሌቪዥን ፊት ነው ያለው፤ የአጥቂው መራጮች ኳስ እንኳ አያዩም። የኳስ ተጫዋች የሚመርጥ ሰው ኳስ የማያይ ከሆነ ነገር አለ ማለት ነው። የደሴ ቧንቧ እንኳ ሲመጣ ሲሄድ ነው፤ የሰው ድምፅም እንደዚያው መጣ ሄድ ይላል።

ለእኔ ሙያ ግን ትልቁ ማስረጃ ፎቶው ነበር። ሰው ገጹን ሲከፍት ስልኩ መጀመሪያ የእጩዎቹን ፎቶ ከሰርቨሩ ያወርዳል። ይህ መዝገብ ላይ ይቀራል። የአጥቂው መራጮች አብዛኞቹ አንድም ፎቶ አላወረዱም። ገጹን ሳያዩ ድምፁን ብቻ ቀጥታ ወደ ሰርቨሩ ልከው ይሄዳሉ። ያ ሰው አይደለም፣ ስክሪፕት ነው፤ በሰው ፈንታ ራሱ የሚመርጥ ትንሽ ፕሮግራም። ለዚያውም ሁሉም የሚጠቀሙት ብሮውዘር እስከ ሥሪት ቁጥሩ አንድ ዓይነት ነው። አድራሻቸው ከየአገሩ ተበትኗል፤ ፕሮክሲ በሚባለው፣ በሌላ ኮምፒውተር በኩል አልፎ አድራሻን በሚደብቀው መንገድ ማለት ነው። ለስላሳ የመሰለን ለዚህ ነበር። ማሽኑ ራሱን በደንብ በትኖታል።

በረኛውስ? ዲዛይነራችን ለአንድ ዘመዷ ደወለች፣ ተፈታ። የፋብሪካው ሠራተኛ በፈረቃ ነው የሚሠራው። ሥራ ላይ ስልክ አይያዝም። ፈረቃ ሲለቁ በር ላይ ካለ አንድ ሻይ ቤት ይገባሉ፣ ሁሉም በሻይ ቤቱ ዋይፋይ ይመርጣሉ። ጎርፉም አንዱ አድራሻም ይኸው ነው። ሁሉም ፎቶውን አውርደዋል፣ ስልካቸውም ለየቅል ነው። ጋሼ «ይውጣ» ያሉት ልጅ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ።

ጋሼ መጀመሪያ የመጣላቸው መላ የውጭ አገር ድምፅን በሙሉ መቁረጥ ነበር። ዲዛይነራችን አልተቀበለችም። «ጋሼ፣ ወሎ ላይ ዘመዱ ዓረብ አገር ያልሄደ ቤት ያውቃሉ? ቤይሩት ያለችው ልጅ ወንድሟን ብትመርጥ ምን አጠፋች?» እውነቷን ነው። የጅዳና የዱባይ ድምፆች ሲታዩ ፎቶ ያወርዳሉ፣ የሚመጡትም ሠርተው ሲጨርሱ ሌሊት ላይ ነው፣ ለሁሉም እጩ ተከፋፍለዋል። እነሱን ነክተን ቢሆን ኖሮ አጭበርባሪዎቹ እኛ ነበርን።

ቀጥሎ አጥቂውን ምን እናድርገው የሚለው መጣ። እዚህ ላይ ከሌላ አገር ትንሽ ተበደርኩ። እ.ኤ.አ. በ1957 የአሜሪካ ቤዝቦል ደጋፊዎች ለከዋክብት ጨዋታ ተሰላፊዎችን ሲመርጡ የሲንሲናቲ ቡድን ደጋፊዎች ሳጥኑን ሞሉት። የከተማው ጋዜጣ ቀድሞ የተሞላ የምርጫ ወረቀት እያተመ ለአንባቢ አድሎ ነበር። ኢንተርኔት የለም፣ ስክሪፕት የለም፣ ማጭበርበሩ ግን አለ። የሲንሲናቲ ሰባት ተጫዋቾች ተመረጡ። ኮሚሽነሩ ሁለቱን አውጥቶ ዊሊ ሜይስንና ሃንክ አሮንን ተካ። ደጋፊዎችም እስከ 1970 መምረጥ ተከለከሉ። በ2015 ደግሞ በዚያው የቤዝቦል ምርጫ በአንድ ኢሜይል 35 ጊዜ መምረጥ ስለሚቻል በአንድ ወቅት የካንሳስ ሲቲ ቡድን ስምንት ተጫዋቾች በየቦታቸው መሩ። ያኔ ሊጉ ከ60 ሚሊዮን በላይ ድምፅ ሰረዘ። ተጫዋች ግን አላባረረም።

ጋሼ ሁለተኛውን መረጡ። «የልጁን ድምፅ እንጂ ልጁን አንሰርዝም። ላኩልኝ ማለቱን በምን እናውቃለን?» አሉ። እኔም በዚህ እስማማለሁ። እጩው በተላከለት ድምፅ የሚባረር ከሆነ ተቀናቃኙን ማስወጣት የፈለገ ሁሉ ስክሪፕት ይልክለታል፤ ርካሽ ነው፣ ማን እንደላከውም አይታወቅም።

ደንበኛውን ጠርተን ሁሉንም አሳየነው። መጀመሪያ አልከፋውም። «ድምፁ በዛ ማለት ሰው አወቀን ማለት ነው፣ ተዉት» አለ። ማሽን ምርት እንደማይገዛ ነገርነው። ትንሽ አሰበና ወንበሩን ሳብ አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ካጠራችሁ አይቀር አስር ቁጥሩን አንደኛ አድርጉልኝ አለ። ልጁ መልከ ቀና ነው፣ ፖስተር ላይ ያምራል። «አንድ ቁጥር መቀየር ለእናንተ ምን አላት?»

ብዙ ሰው ሌባው ከውጭ ይመጣል ብሎ ያስባል። ከባዱ ግን ድምፁ የሚቀመጥበት የዳታቤዙ ቁልፍ በእጁ ያለው ሰው ነው። ኩኪ ማጥፋት፣ ፕሮክሲ መግዛት አያስፈልገውም። አንድ መስመር ይጽፋል፣ አለቀ። መዝገብ ላይ እንኳ ላይታይ ይችላል።

ጋሼን አውቃቸዋለሁ፣ ደንበኛ ማስቀየም አይወዱም። ስለዚህ ቀድሜ የእንግሊዞቹን ድመት ነገርኳቸው። የቢቢሲ የልጆች ፕሮግራም ብሉ ፒተር ለአንዲት ድመት ስም እንዲመርጡ ተመልካቾቹን ጠየቀ። ልጆቹ ኩኪ የሚለውን መረጡ። አዘጋጆቹ ግን አልወደዱትምና ሶክስ አሏት። እ.ኤ.አ. በ2007 ነገሩ ሲወጣ ጣቢያው በአደባባይ ይቅርታ ጠየቀ፣ ኩኪ የምትባል ሌላ ድመትም አመጣ። ደቡብ ኮሪያ ላይ ደግሞ የቴሌቪዥን የዘፈን ውድድር ድምፅ የለወጠው አዘጋጅ እ.ኤ.አ. በ2020 የ2 ዓመት እስር ተፈርዶበታል።

ጋሼ ሰምተው ሰምተው ወደ ደንበኛው ዞሩ። «ወንድሜ፣ በድመት ስም ያፈረ ሰው ካለ እኛ በሰው ልጅ ብናደርገው ምን ልንሆን ነው? እኔ ነገ ኮምቦልቻ ሰርግ አለብኝ» አሉ። ሰርጉ ከነገሩ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ሁላችንም ገባን። ኮምቦልቻ ትንሽ ናት። ደንበኛው ሳቀና ተወው።

ውጤቱን ከነማብራሪያው አወጣነው፤ የገባው ይህን ያህል፣ የተሰረዘው ይህን ያህል፣ የሰረዝነው በዚህ ምክንያት። በረኛው ፍሪጁን ወሰደ። አጥቂው በንጹሑ ድምፅ ሦስተኛ ወጣ፣ እሱም ቀላል አይደለም። ለሚቀጥለው ውድድር ደግሞ የኢንተርኔቱ ድምፅ ግማሹን ብቻ እንዲይዝ፣ ግማሹን የየቡድኑ አምበሎች እንዲሰጡ ተስማምተናል። የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግም እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የደጋፊውን ድምፅ ወደ ግማሽ አውርዶ ቀሪውን ለተጫዋቾችና ለጋዜጠኞች ሰጥቷል። ኤስኤምኤሱንም ደንበኛው ይከፍላል። ይህን ሲፈርም አነበበ።

የአጥቂው ደጋፊዎች ለጊዜው ሰድበውናል። ከሁሉ የማይረሳኝ ግን ውጤቱ በወጣ ማግስት የመጡት የአጥቂው አጎት ናቸው። ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ስልካቸውን እንደ መታወቂያ ወደ ፊት ዘርግተው ገቡ።

«የተገዛ ድምፅ እንዴት ይሰረዛል?» አሉ። «ከፍዬበታለሁ! ደረሰኙ ይኸው!»

እውነትም የቴሌብር ደረሰኝ ነው። ቴሌግራም ላይ ድምፅ እንሸጣለን የሚል ልጅ አግኝተዋል። እሳቸው የመሰላቸው የምርጫው መክፈያ ነው። ለቴሌቪዥን ውድድር በኤስኤምኤስ ሲመርጡ ይከፈል የለ? በሳቸው ቤት ይሄም ያው ነው። የእህታቸውን ልጅ ለመርዳት ሕጋዊ ነገር ነው ያደረጉት።

ጋሼ «ይቀመጡ አባቴ» ብለው ቡና አስመጡላቸው። ቀስ ብለው አስረዷቸው። አጎት ሲገባቸው ፊታቸው ጠቆረ። በእኛ አልነበረም። «ቆይ ይሄን ቀጣፊ» አሉና እዚያው ደወሉ፣ ድምፅ ማጉያው ላይ አደረጉት።

«ሄሎ! አንተ ልጅ፣ ያ ድምፅ ተሰረዘብን እኮ! ገንዘቤን መልስ!»

«አባባ፣ አብሽሩ!» አለ ከዚያ ወዲያ ያለው ልጅ፣ በሚገርም ደስታ። «መጀመሪያውን ዙር ስለነቁብን ነው። ለሁለተኛው ዙር በግማሽ ዋጋ እሠራልዎታለሁ፣ የማይነቃ ነው!»

አጎት ስልኩን በመዳፋቸው ሸፈኑና ወደ ጋሼ ጠጋ አሉ።

«ሁለተኛ ዙር አለ እንዴ?»